አፈሩን እየሳሙ እጇን መሸሽ

ስለ ሰውና ስለ ተፈጥሮ ፍቅር በየመጽሔቱ የሚወጣውን ጽሑፍ ሁሉ አንድ ሰው ተቀምጦ የጻፈው ይመስላል። ፀሐይ ከተራራው ጀርባ ብቅ ትላለች፤ ወፎች ይንጫጫሉ፤ ደራሲው ቋጥኝ ላይ ቁጭ ብሎ ነፍሱ ስትታደስ ይሰማዋል፤ ከዚያም መኪናውን አስነሥቶ ወደ ከተማው ይመለሳል። በዚህ ሥዕል ውስጥ ባላገር ብቅ ካለ መጥረቢያውን በትከሻው አድርጎ ዛፍ ሊቆርጥ ሲሄድ ነው። ይባስ ብሎ «የእኛ ሰው ተፈጥሮን መውደድ አልለመደበትም፤ ይህን ነገር ከፈረንጅ መማር አለብን» የሚል ቃል በየስብሰባ አዳራሹ ከሻይ ዕረፍት በፊትም በኋላም ይደመጣል። ተሰብሳቢውም ራሱን እየነቀነቀ ይስማማል።

ለዚህ አባባል መልስ ይገባዋል። መልሱን ለማግኘት ግን ቋጥኝ ላይ መውጣት አያስፈልግም። ከጎንደር በስተሰሜን፣ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከተማው ብዙም ሳይርቅ ወለቃ የምትባል መንደር አለች። እዚያ ወርዶ ጭቃ መንካት ይበቃል።

አስቀድመን እስቲ አንደበታችንን እንመርምር። ሰው የምንለምነው «አፈር ስሆን» ብለን ነው። ለሞተብን ወዳጅ «አፈሩን ያቅልልለት» እንላለን። የምንወደው ሰው ሲጎዳ «አፈር ይብላኝ»፣ ያናደደንን ደግሞ «አፈር ብላ» እንላለን። በባዕድ አገር ያገኘነውን ወገን «የወንዜ ልጅ» ብለን አንገቱ ላይ እንጠመጠማለን። ከብዙ ዘመን ስደት የተመለሰ ሰው ከአውሮፕላን ወርዶ መሬት ሲስም ያላየ የለም። ደግሞ ያቺ የታወቀች ወግ አለች፤ ንጉሡ አገር ሊያዩ የመጡትን ፈረንጆች በስጦታ ካንበሸበሹ በኋላ፣ መርከብ ሊሳፈሩ ሲሉ ጫማቸውን አስወልቀው አፈሩን ያሳጠቡባት። አንዱ ተራኪ ለዐፄ ቴዎድሮስ ይሰጣታል፣ ሌላው ለሌላ ንጉሥ። እውነትም ትሁን ተረት፣ የምትነገረው በኩራት ነው። ወርቁን ውሰዱ፣ አፈራችንን ግን ተዉልን ነው ነገሩ።

እንግዲህ ይህን ሁሉ የሚናገር ሕዝብ ለአፈር ስሜት የለውም ማለት የገዛ ቋንቋን አለመስማት ነው። ስሜቱስ ሞልቶ ይፈስሳል። የዚህ ጸሐፊ ጥያቄ ሌላ ነው። አፈርን እንዲህ የምንወድ ከሆንን፣ ከሁላችንም ይልቅ ከአፈር ጋር እጅና ጓንት ሆና የኖረችውን ሴት ምን አደረግናት?

ወለቃን ወለቃ ያሰኛት ሸክላ ነው። ሥራውን ቀርቦ ያላየ አንባቢ «ጭቃ ማድቦልቦል» ይመስለው ይሆናልና ትንሽ ልዘርዝር። ሁሉ አፈር ሸክላ አይሆንም። አንዱ ሲደርቅ ይፈረካከሳል፤ አንዱ እሳት ሲነካው ይፈነዳል፤ አንዱ ለጀበና እሺ ብሎ ለምጣድ እምቢ ይላል። ሸክላ ሠሪዋ ይህን የምታውቀው በጣቷ ነው፤ ቆንጠር አድርጋ፣ በውሃ አርሳ፣ አሽታ። ያገኘችውን ቆፍራ በጀርባዋ ተሸክማ ታመጣዋለች። ታሰጣዋለች፤ ትወቅጠዋለች፤ ጠጠሩንና ሥራ ሥሩን ለቅማ ትነፋዋለች። ውሃ አጠጥታ ታሳድረዋለች። ከዚያም የተፈጨ ገል ወይም አሸዋ ጨምራ ታቦካዋለች። ልብ በሉ፣ ሊጥም ይቦካል፣ ጭቃም ይቦካል። ቋንቋችን እንጀራ ጋጋሪዋንና ሸክላ ሠሪዋን አልለያቸውም፤ የለየናቸው እኛ ነን። የሚሽከረከር መሣሪያ የላትም፤ ሥራው ሁሉ በእጇና በወገቧ ነው።

ዕቃው ቅርጽ ከያዘ በኋላ ያለው ጉዳይ ከሰማይ ጋር ነው። ፀሐይ ቶሎ ካገኘችው ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ጥላ ሥር ቀስ ብሎ ይደርቃል። ለስላሳ ጠጠር ይዛ እያሸች ታለሰልሰዋለች። ደመና ካንዣበበ እሳት አይነድም፤ ነፋስ ከበረታም አይነድም። ቀኑ ሲመቻት ሜዳ ላይ በኩበት፣ በጭራሮና በሣር ከድና ታነድደዋለች። ያ የምናውቀው ጥቁረት የሚመጣው ዕቃው ግሎ ሳለ በጭስ ሲታፈን ነው። ቀዝቀዝ ሲል በጣቷ ቀለበት ኳ ታደርገዋለች። ደህናው ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ የተሰነጠቀው ድምፁ ይሞታል። የስንት ቀን ድካም በዚያች ድምፅ ይፈረዳል። በዚያች ሰዓት ፊቷን ያየ ሰው ሰው ከተፈጥሮ ጋር ስላለው የስሜት ትስስር ሌላ ማስረጃ አይጠይቅም።

እሷን ነው እንግዲህ «ቡዳ» ያልናት። ቀን ሸክላ ትሠራለች፣ ሌሊት ጅብ ሆና ትዞራለች አልን። ልጅ ሲታመም ዓይኗን ጠረጠርን። ነገሩን ቀረብ ብሎ ለመረመረው ሰው እጅግ ያስገርማል። አፈርን፣ ውሃንና እሳትን አስማምታ ማኖር የቻለችውን ሰው ከሰው ተራ አውጥተን የዱር አውሬ አደረግናት። ከተፈጥሮ ጋር መቀራረቧን አይተናል ማለት ነው፤ አይተን ግን ፈራን። ዳዊት ደጋሚው አገር ደግሞ ነቢዩ ኤርምያስን ጠንቅቆ ያውቃል። እግዚአብሔር ነቢዩን ቃሉን ሊያሰማው ሲፈልግ የላከው ወደ ንጉሥ አዳራሽ ሳይሆን ወደ ሸክላ ሠሪ ቤት መሆኑ በምዕራፍ 18 ተጽፏል። ራሱ ፈጣሪም አዳምን ያበጀው ከምን እንደሆነ ለጎንደር ሊቃውንት የሚነግር የለም። በቤተ ክርስቲያን ጭቃ ያበጀውን እያመሰገንን በገበያ ጭቃ የምታበጀውን እንሸሻለን።

ደግሞ ሽሽቱ ምርጫ አለው። እጇን የሚፈራው ሰው ጀበናዋን አይፈራም። ቡናው የሚፈላው በእሷ ጀበና፣ ወጡ የሚሠራው በእሷ ድስት፣ ጠላው የሚጠመቀው በእሷ ጋን፣ እንጀራው የሚጋገረው በእሷ ምጣድ ነው። አዲስ ምጣድ የገዛች ባለቤት ጎመንዘር አድቅቃ ታሟሸዋለች፤ እንስራዋን በወይራ ታጥነዋለች። ሸክላው ውሃውን በላቡ ያቀዘቅዘዋል፤ ያ የአፈርና የወይራ ሽታ የቀላቀለ ውሃ ጉሮሮ ሲያርስ «የእናቴ ቤት» የማይል የለም። ዛሬ በመብራት የሚሠራው ምጣድ እንኳ ከሽቦው በላይ ያለው ገበታ ሸክላ ነው፤ ኤሌክትሪክ መጥቶም ከእሷ እጅ አላወጣንም። ይህ ሁሉ ሲሆን «ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች» ብለን ተረትንባት። ተረቱን የተረተው ሰው በደህናው ሳሕን እየበላ መሆን አለበት።

አሁን ወደ ስሙ እንምጣ። የወለቃ ሸክላ ሠሪዎች ቤተ እስራኤል ነበሩ። እኛ ግን «ፈላሻ» አልናቸው። ቃሉ «ፈለሰ» ከሚለው እንደወጣ በሰፊው ይነገራል፤ መጤ፣ ሥር የሌለው፣ መሬት ያልያዘ ማለት ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የነገሡት ዐፄ ይስሐቅ የተጠመቀ የአባቱን ርስት ይያዝ፣ ያልተጠመቀ ፈላሲ ይሁን ብለው እንዳዘዙ በታሪክ ይወሳል። ርስት ያጣ ሰው ወይ የሌላውን መሬት ያርሳል፣ ወይ በእጁ ጥበብ ይኖራል። ወንዶቹ ብረት ቀጠቀጡ፣ ሸማ ሠሩ፤ ሴቶቹ ሸክላ ሠሩ። በ1628 ዓ.ም. ገደማ ዐፄ ፋሲል ጎንደርን መቀመጫቸው ካደረጉ ወዲህም ከግንበኞቹና ከአናጢዎቹ መካከል እነሱ እንደነበሩበት ታሪክ ጸሐፊዎች ጽፈዋል። የምንኮራበት ከተማ የድንጋዩም የጭቃውም ነገር በእጃቸው አልፏል።

ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። ከእግሩ በታች አንድ ክንድ መሬት እንዳይኖረው የተደረገ ሕዝብ፣ ያው መሬት በእጁ መዳፍ ውስጥ ሲገባ ማንም ያላወቀውን ያህል አወቀው። ባለርስቱ ድንበሩን ያውቃል፤ ከድንበሩ ወዲያ የጎረቤቱ ነው። ሸክላ ሠሪዋ የምታውቀው ድንበሩን ሳይሆን ራሱን አፈሩን ነው። እሷን ነው «ሥር የለሽ» ያልናት።

ለእውነት ያህል አንድ ነገር መጨመር ይገባል፤ መራራቁ ከአንድ ወገን ብቻ አልነበረም። ቤተ እስራኤል በሃይማኖታቸው የንጽሕና ሥርዐት ጥብቅ ስለነበሩ ጎረቤቶቻቸው «አትንኩኝ» ይሏቸው ነበር። ከውጭ ሰው ጋር የተነካካ ወንዝ ወርዶ ይታጠባል። መታጠባቸው ከመብዛቱ የተነሣ «ውሃ ውሃ ይሸታሉ» ተባሉ ይባላል። እንግዲህ «የወንዝ ልጅ» የሚለውን ቃል እንደ ማር የሚልስ ሕዝብ፣ ወንዝ ወንዝ የሸተተውን ጎረቤቱን ሊሰድብበት ፈለገ። ሁለቱም ይራራቁ፣ መልካም፤ መሬቱ ግን በአንደኛው ወገን ብቻ ነበር።

መሬት የመጣው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው አዋጅ ነው። ያ አዋጅ ስንት ነገር እንዳበላሸ የሚጽፉ ጸሐፊዎች አሉ፤ ይጻፉ። ርስት አልባውን የገጠር ሰው፣ ቤተ እስራኤሉንም ሙስሊሙንም፣ በሕግ ባለይዞታ ማድረጉን ግን መካድ አይቻልም። ለወለቃ ዘገየ እንጂ። በ1977 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት በሱዳን በኩል ብዙዎች ወጡ፤ በዚያ መንገድ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች እንደ ወጡ ቀሩ። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ደግሞ በሁለት ቀን ከ14,000 በላይ ሰዎች ከአዲስ አበባ ተነሥተው እስራኤል ገቡ። የወለቃ ጎጆዎች ሌላ ሰው ገባባቸው።

እዚህ ላይ የተለመደው ክርክር ይነሣል። «ቢወዷት ኖሮ መች ይሄዱ ነበር? ልባቸው ድሮም ኢየሩሳሌም ነበረች» ይባላል። ይህን የሚል ሰው ስግድን አያውቅም። ቤተ እስራኤል በዓመት አንድ ቀን ጾመው፣ ነጭ ለብሰው፣ ካህናቱ ኦሪቱን ይዘው ከፍ ያለ ተራራ ይወጣሉ። በጎንደር አካባቢ ታላቁ ስግድ ይከበር የነበረው በአምቦበር ነው። ጸሎቱ ወደ ኢየሩሳሌም ነው፤ እውነት ነው። ግን ወደ ኢየሩሳሌም ለማየት የቆሙት በማን ተራራ ላይ ነው? ናፍቆታቸውን የተሸከመላቸው የወገራና የደምቢያ ድንጋይ አይደለም ወይ? የእስራኤል ምክር ቤት ስግድን በ2000 ዓ.ም. የአገሪቱ በዓል ካደረገው ወዲህም በየዓመቱ ኢየሩሳሌም ከተማን ቁልቁል ወደሚያሳይ ከፍታ ይወጣሉ። የናፈቁት አገር ገብተው እንኳ ተራራ መውጣት አልተዉም። ያን ተራራ ከየት ይዘውት ሄዱ? ከዚያ ወዲያ ማዶ ሆኖ ሰው ሁለት አገር መናፈቅ እንደሚችል የማይገባው ካለ፣ ዋሽንግተን ያለ ወንድሙን ይጠይቅ።

ከእነሱ መካከል ልጆቻቸውን ይዘው የሚመለሱ አሉ። የተወለዱበትን መንደር ያሳያሉ፣ መቃብር ይሳለማሉ። አንዳንዱም ወለቃ ሲደርስ የሚቀበለው በመንገዱ ዳር «የፈላሻ መንደር» የሚል የጎብኚ መጠሪያ ነው። የተሰደበበት ስም ለእንግዳ መጥሪያ ሆኖ ቆየው። ቀጥሎም በመደብ ላይ የተደረደሩት የሸክላ ምስሎች ይመጣሉ፤ የዳዊት ኮከብ ያለበት አንበሳ፣ በአንድ ብርድ ልብስ የተኙ ንጉሥ ሰሎሞንና ንግሥት ሳባ። ዛሬ የሚሠሯቸው በአብዛኛው የቀሩት የመንደሩ ክርስቲያን ሴቶች ናቸው። ፕላውሼር የተባለው የሴቶች የዕደ ጥበብ ማሠልጠኛም እዚያው ወለቃ ሸክላና ሽመና ሲያስተምር ኖሯል። ሴቶቹ ሙያውን መያዛቸው ያስመሰግናቸዋል እንጂ አያስወቅሳቸውም። ነገር ግን አንድ ነገር ሳልጠይቅ አላልፍም። ሸክላ የነካ ሁሉ ቡዳ ከሆነ፣ ጎረቤቶቹ ሄደው ጭቃውን እኛ ስንይዘው ቡዳው የት ገባ? እሱም አብሮ በአውሮፕላን ተሳፈረ?

አልተሳፈረም። በወላይታና በአካባቢው፣ በሌላም በብዙ አገር፣ ሸክላ ሠሪ ከሌላው ጋር አይጋባም የሚለው ልማድ ዘመን ተሻግሮ ቆይቷል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ባለእጁን መስደብ እሳቸውን እንደ መስደብ እንደሚቆጠር ነግረው ነበር። ከአዋጁ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ፤ ስድቡ ግን ዛሬም ሲወረወር እንሰማዋለን።

ጠንከር ያለው ተቃውሞ ከሌላ በኩል ይመጣል፤ ልሸሸው አልፈልግም። «ይህ ሙያ ነው እንጂ ፍቅር አይደለም። ሴትየዋ አፈር የምትቆፍረው ቸግሯት ነው፤ አንተ ድህነቷን ቅኔ አደረግኸው» የሚል ነው። እውነትነት አለው። ጭሱ ዓይን ያጠፋል፤ ሸክሙ ወገብ ይሰብራል፤ ሌላ እንጀራ ቢገኝ ብዙዋ ዛሬውኑ ጥላው ትሄዳለች። የሄደችውንም አልፈርድባትም። ከ2012 ዓ.ም. ወረርሽኝ፣ ከ2013ቱ ጦርነት፣ ከዚያም ከ2015 ማብቂያ ወዲህ በክልሉ ከነገሠው ግጭት የተነሣ ጎብኚ ሲጠፋ፣ አንበሳውን ማን ይገዛታል? ቢጫው ጀሪካንም እንስራውን ከጀርባ ካወረደው ቆይቷል።

ግን ተቃውሞው የቆመበትን መሠረት እዩት። ችግር ባለበት ፍቅር የለም ይላል። በዚህ አቆጣጠር እናት ልጇን የምታጠባው ልጁ ስለሚራብ ነውና አትወደውም። ገበሬም በሬውን የሚያሻሸው ስለሚያርስበት ነውና በሬው ሲሞት ያለቀሰው ለዘሩ ብቻ ነው። ከተፈጥሮ ጋር ፍቅር ያለው ሥራ የሌለው ሰው ብቻ ነው ወደማለት ደረስን ማለት ነው፤ ያ ቋጥኝ ላይ የተቀመጠው ደራሲ። ጃፓኖች በዚህ አልተታለሉም። በሚያመርተው የምግብ ዕቃና እንስራ የሚታወቀውን ሸክላ ሠሪ ሐማዳ ሾጂን እ.ኤ.አ. በ1955 የአገር ሕያው ቅርስ ብለው በመንግሥት ደረጃ ሰየሙት። ሐማዳ የራሱን መንደር አፈር ይዞ ነው የሠራው፤ ሸክላውንም ሸጦ በልቷል። መሸጡ ፍቅሩን አጠፋበት ያለው የለም።

የወለቃን መንገድ ይዞ ሽቅብ የወጣ ደባርቅ ይደርሳል፤ ከዚያ የስሜን ብሔራዊ ፓርክ ነው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፣ እ.ኤ.አ. ከ1996 እስከ 2017 ድረስ ደግሞ በአደጋ ላይ ካሉት ዝርዝር ውስጥ ቆየ። በ2008 ዓ.ም. የግጭ መንደር ከ400 በላይ አባወራዎች ከፓርኩ ወጥተው ደባርቅ ከተማ ዳር ሰፈሩ። ዋሊያው ግጦሹን አገኘ፤ ዋሊያው ይኑር፣ እኔም እወደዋለሁ። ካሳም ተከፍሏል። ግን በዚያ ሁሉ ወረቀት ውስጥ የግጭ ሰው «የመሬት ተጠቃሚ»ና «ጫና ፈጣሪ» ሆኖ ተጻፈ። ውርጩን፣ የገብሱን ማሳ፣ ከገደሉ አፋፍ የሚነሣውን ጉም የሚያውቀው ሰው አፍቃሪ ተብሎ የተጻፈበት መስመር የለም። አፍቃሪው ድንኳን ተክሎ ሦስት ሌሊት ያደረው ነው። ሸክላ ሠሪዋን ቡዳ ያለው ዓይን ነው ይህን ያየው፤ አሁን መነጽር አድርጓል እንጂ።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ትልቅ ነገር አልጠይቅም። በወለቃ መንገድ ዳር ያለው መጠሪያ ሰዎቹ ራሳቸውን በሚጠሩበት ስም «ቤተ እስራኤል» ተብሎ ይጻፍ። የአካባቢው ትምህርት ቤት ልጆች ስለ ተፈጥሮ ሲማሩ አንድ ቀን ከክፍል ወጥተው ሸክላ ሠሪዋ ዘንድ ይቀመጡ፤ አፈር በጣት እንዴት እንደሚታወቅ ታስተምራቸው፣ ለዚህም እንደ መምህር ይከፈላት። ሦስተኛው ጉዳይ የመሬት ነው። ጎንደር እየሰፋች ነው። በከተማ ፕላን ላይ የመኖሪያ፣ የንግድ፣ የኢንዱስትሪ ቦታ እየተባለ በቀለም ይለያል። ሴቶቹ ሸክላ አፈር የሚያወጡበት ጉድጓድ በየትኛው ቀለም ተቀብቷል? ባዶ ቦታ ተብሎ ከሆነ አንድ ቀን ግንበኛ መሠረት ይጥልበታል፤ ያን ጊዜ ያቺ ሴት ለጀበና እሺ የሚለውን አፈር ሌላ ቦታ ታገኘው እንደሆነ የሚያውቅ የለም። የወለቃን የሸክላ አፈር መቆፈሪያ በስሙ ጠርቶ በፕላኑ ላይ ያስቀመጠ ሹም ካለ ይጻፍልን፤ ይህ መጽሔት ለደብዳቤው ቦታ አያጣም።